ላስቲክና ፌስታል በቤታችን፤ ጉዳታቸውና የመቀነሻው ዘዴ

ንጽሕና የጤና በር መሆኗን የማያውቅ የለም። ቤቱን ጠርጎ፣ ዕቃውን አጥቦ፣ ቆሻሻውን አውጥቶ የሚጥል ሰው ቤተሰቡን ከብዙ በሽታ ያድናል። ነገር ግን «አውጥቶ መጣል» ስንል ወዴት መጣል ማለታችን ነው? አያቶቻችን ከቤታቸው ያወጡት የነበረው ቆሻሻ አመድ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የእህል ገለባና የከብት እበት ነበረ። ይህ ሁሉ በጓሮ ቢጣል ጥቂት ወራት ቆይቶ ይበሰብስና አፈር ይሆናል፤ እንዲያውም ጎመኑን ያፋፋዋል። ዛሬ ከየቤታችን በሚወጣው ቆሻሻ ላይ ግን ሌላ ጠባይ ያለው ነገር ተጨምሮበታል፤ እርሱም ላስቲክ ነው። ፌስታሉ፣ ሃይላንዱ፣ የብስኩቱና የሳሙናው መጠቅለያ፣ የሕፃኑ ዳይፐር ሁሉ ከዚሁ ወገን ናቸው።

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ሦስት ነገር ነው። 1ኛ/ ላስቲክ ምን ዓይነት ነገር እንደ ሆነ፤ 2ኛ/ ጤናችንን በምን በምን መንገድ እንደሚጎዳ፤ 3ኛ/ አንድ የቀጨኔ ቤተሰብ ያለ ብዙ ወጪ እንዴት ሊቀንሰው እንደሚችል።

ላስቲክ ምንድር ነው?

ፌስታል የሚሠራው ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ከሚገኝ ፖሊኢትሊን ከሚባል ነገር ነው። ፖሊኢትሊን በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1933 ተገኘ፤ ዛሬ በእጃችን የምናንጠለጥለው ማንጠልጠያ ያለው ፌስታል ደግሞ በስዊድን አገር ተፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1965 የፈጠራ መብቱ በአሜሪካ ተመዘገበ። እንግዲህ ፌስታል ዕድሜው ከአንድ ሽማግሌ ዕድሜ የማይበልጥ አዲስ ነገር ነው። አገራችን ያለ እርሱ ስትገበያይ፣ ስትደግስና ስትጋግር ብዙ ዘመን ኖራለች።

ፌስታል ቀላል ነው፤ ውኃ አያስገባም፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። በዚህ ምክንያት ዓለሙ ሁሉ ወደደው። ጥፋቱ የሚመጣውም ከዚሁ ከጥንካሬው ነው። በዓይን የማይታዩት ጥቃቅን ሕያዋን እንጨቱንና ቅጠሉን እንደሚያበሰብሱት ይህን ሊያበሰብሱት አይችሉም። ፀሐይ ሲመታው ይሰባበራል እንጂ አይጠፋም፤ ደቃቅ ብናኝ ሆኖ በአፈርና በውኃ ውስጥ ይቀራል። ለመቶዎች ዓመታት ሊቆይ እንደሚችል ይገመታል። በዓለም በየዓመቱ ከ400 ሚሊዮን ቶን በላይ ፕላስቲክ ይመረታል፤ ቆሻሻ ከሆነው ውስጥ ግን እንደገና ተሠርቶ ለአገልግሎት የሚውለው ከ100 እጅ 9 እጅ ያህሉ ብቻ ነው።

ላስቲክ ጤናችንን የሚጎዳበት መንገድ

ሀ/ በጢሱ። ከጉዳቱ ሁሉ ለቤተሰቡ የሚቀርበው ይህ ነው። ብዙ ሰው ከሰል ሲያያይዝ በማንደጃው ላይ ፌስታል ይለኩሳል። ቶሎ ስለሚነድድ ጭራሮ ከመልቀም ይቀላል። «ኧረ አንዲት ፌስታል ምን ታመጣለች!» የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን ላስቲክ በማንደጃ ላይ ሲነድድ በደንብ አይቃጠልም፤ ጥቁር ጥላሸትና ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ሽታ የሌለው መርዘኛ አየር ያወጣል። ከዚህም የሚብሰው እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስና እንደ አንዳንድ የላስቲክ ጫማ ያለው ነው፤ እርሱ ሲቃጠል ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ይወጣል። ዳዮክሲን በሰውነት ስብ ውስጥ ገብቶ ለብዙ ዓመታት የሚቆይና ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ነው።

አሁን ማንደጃው አጠገብ ማን እንዳለ እናስብ። እናት ጎንበስ ብላ እያራገበች ነው፤ ሕፃኑ በጀርባዋ ታዝሏል። ሕፃን ከትልቅ ሰው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ የአየር ቧንቧውም ጠባብ ነው። ስለዚህ ከዚያ ጢስ ለሰውነቱ መጠን ከሁሉ የበለጠውን የሚስበው እርሱ ነው። የሳንባ ምች ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት ከሚገድሉት ዋና ዋና በሽታዎች አንዱ መሆኑን፣ የቤት ውስጥ ጢስም ለዚህ በሽታ መንገድ እንደሚጠርግ ማወቅ ለእያንዳንዱ ወላጅ የሚገባ ነው። አስም ላለባቸው አረጋውያንም እንዲሁ ነው።

ለ/ በጎርፍ። ቀጨኔ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ላይ ያለች ሰፈር ናት። የእንጦጦ ከፍታ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የሚወርደው ውኃ በኃይል ይመጣል፤ የተጣለውን ፌስታል ሁሉ ጠርጎ ወደ ቦዩና ወደ ወንዙ ይከታል። ፌስታሉ በቱቦው አፍ ላይ ይለጠፋል፤ ሌላው በእርሱ ላይ ይደራረባል፤ ውኃውም መንገድ ሲያጣ ወደ ሰው ቤት ይገባል። የሚገባው ውኃ ደግሞ ንጹሕ ውኃ አይደለም፤ የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ ቀላቅሎ ነው። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) በሽታ ተነሥቶ እንደ ነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። እንዲህ ያለው በሽታ የሚተላለፈው በዓይነ ምድር በተበከለ ውኃና ምግብ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ እ.ኤ.አ. በ1988 እና በ1998 በታላቅ ጎርፍ ተጥለቀለቀች። ቦዮቹን ከደፈኑት ነገሮች አንዱ ስስ ፌስታል ሆኖ ስለ ተገኘ ያች አገር እ.ኤ.አ. በ2002 ከዓለም አስቀድማ ስስ ፌስታልን ከለከለች። እኛም ከላይ የጣልነው ከታች ያለውን ጎረቤት እንደሚያሰምጠው መዘንጋት የለብንም። ከእንጦጦ የሚወርዱት ወንዞች ከተማውን አቋርጠው ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። በዚያ ወንዝ ከብት ይጠጣል፤ አትክልትም ይለማል። ያም አትክልት ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል።

ሐ/ በፌስታል በመጸዳዳት። ነገሩን መጥራት ቢያሳፍርም ዝም ማለት አይጠቅምም። የጋራ መጸዳጃ ቤት በራቀበት ወይም በሌሊት በሚዘጋበት ግቢ፣ በፌስታል ተጸዳድቶ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቱቦ የሚወረውር ሰው አለ። የታሰረ ፌስታል ውስጥ ያለ ዓይነ ምድር ከዓይን ይሰወራል እንጂ አይጠፋም፤ ፌስታሉ ሲቀደድ ለዝንብና ለሕፃናት እጅ ይደርሳል። ለሌሊት ክዳን ያለው ፖፖ መጠቀም፣ ጠዋትም ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ ደፍቶ ማጠብ ይሻላል። ዳይፐርና ሞዴስንም በመጸዳጃ ጉድጓድ መጣል አይገባም። አይበሰብሱምና ጉድጓዱ ያለ ጊዜው ይሞላል፤ መምጠጫ መኪናውንም ይደፍኑበታል።

መ/ በምግብ። ትኩስ እንጀራ በፌስታል ሲታሰር እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ተመልሶ ውኃ ይሆናል፤ እንጀራው ያልበዋል፤ ቶሎም ይሻግታል። ትኩስ ዳቦም እንዲሁ ነው። ትኩስ ወጥ፣ ሽሮና ሻይ ደግሞ በስስ ላስቲክ ውስጥ ሲገቡ ሙቀቱና ቅባቱ ከላስቲኩ ውስጥ ያሉትን ኬሚካሎች ወደ ምግቡ ሊስቡ ይችላሉ። በተለይ ጥቁር ፌስታል ብዙ ጊዜ ከልዩ ልዩ አሮጌ ፕላስቲክ ቀልጦ የሚሠራ ስለ ሆነ ምግብ የሚነካው ዕቃ ሊሆን አይገባውም።

ሠ/ በሃይላንድ በሚቀመጥ መርዝ። ባዶ ሃይላንድ መልሶ መጠቀም ቁጠባ ነው፤ ነገር ግን በረኪና፣ ላምባ ወይም የተባይ መድኃኒት በሃይላንድ ማስቀመጥ ታላቅ አደጋ ነው። ሕፃን ሃይላንድን የሚያውቀው በውኃ ነው። ሲጠማው አንሥቶ ይጠጣል። እንዲህ ያለ አደጋ ከደረሰ ልጁን በግድ ማስመለስ አይገባም፤ መርዙ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥላል፤ ላምባም ከሆነ ወደ ሳንባው ይገባል። ሳይዘገዩ ልጁን ከነጠርሙሱ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። አስቀድሞ ግን በረኪናን ከነጽሑፉ በራሱ ዕቃ፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል።

ረ/ በሕፃንና በከብት ላይ። ፌስታል በሕፃን አፍና አፍንጫ ላይ ከተለጠፈ በጥቂት ደቂቃ ትንፋሹን ያቋርጠዋል፤ ስለዚህ መጫወቻ አድርጎ መስጠት ክልክል ነው። በግና ላምም የምግብ ሽታ ያለበትን ፌስታል ይውጣሉ። ላስቲኩ በጨጓራቸው ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ከብቱ ይነፋል፤ ይከሳል፤ ይሞታል።

የጣልነው ወዴት ይሄዳል?

ከየቤቱ የሚሰበሰበው የከተማው ቆሻሻ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የተከመረው በቆሼ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ያ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ በአጠገቡ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ፤ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ያ ክምር ከሌላ አገር የመጣ አይደለም፤ ከየጓዳችን የወጣው ነው። በ2010 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ ቆሻሻን አቃጥሎ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመርቋል። ነገር ግን ፋብሪካ ቢሠራም ባይሠራም ከቤት የማይወጣ ቆሻሻ ማንንም አይንድበትም። መፍትሔው ከሁሉ አስቀድሞ ላስቲክ ወደ ቤት እንዳይገባ ማድረግ ነው።

የመቀነሻው ዘዴ

ፕላስቲክ ሁሉ ይጥፋ አንልም። ጀሪካን እናቶቻችንን ከከባዱ የእንስራ ሸክም አሳርፏል፤ የሕክምና መርፌና ጓንትም ከፕላስቲክ ይሠራሉ። ጠላታችን አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ የሚጣለው ነው። እርሱን ለመቀነስ የሚከተለውን ማድረግ ይበቃል።

1ኛ/ መቁጠር። ለአንድ ሳምንት ወደ ቤት የገባውን ፌስታል ሁሉ በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት አጠራቅሙና በእሑድ ቀን ልጆች ይቍጠሩት። በቀን 4 ፌስታል የሚገባበት ቤት ቢኖር በሳምንት 28፣ በዓመት 1,460 ይሆናል። እንዲህ ያሉ 100 ቤቶች ያሉበት መንደር በዓመት 146,000 ፌስታል ያወጣል ማለት ነው። ቍጥሩን በዓይኑ ያየ ቤተሰብ ምክር ብዙ አያስፈልገውም።

2ኛ/ ዘምቢል ይዞ መውጣት። ዘምቢሉ በበሩ አጠገብ በምስማር ይሰቀል፤ የሚረሳው ከዓይን ሲርቅ ነውና። ከአሮጌ አቡጀዲ ወይም ከተቀደደ ጋቢ ትንንሽ ከረጢቶች ሰፍቶ ለሽሮው፣ ለምስሩና ለስኳሩ ማዘጋጀት ይቻላል። ከረጢቱ በየሳምንቱ ይታጠብ። ባለ ሱቁ ሳያስበው ፌስታል ሲያነሣ «ጋሼ፣ ይተዉት፤ በዚሁ ያድርጉልኝ» ማለት ብቻ ነው። ጥቂት ቀን ይስቁ ይሆናል፤ በኋላ ግን ለእርሳቸውም የፌስታል ወጪ የሚቀንስ መሆኑን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል።

3ኛ/ ወደ ሸክላና ወደ ስፌት መመለስ። ቀጨኔ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች ሰፈር ናት። የሸክላ ሠሪ እጅ ሲናቅ የኖረበት ዘመን ነበረ፤ ይሁን እንጂ ያለ እርሷ ጀበና፣ ምጣድና ድስት በአገራችን ቤት አልነበረም። ሸክላ የሚሠራው ከአፈር ነው። የሸክላ እንስራ ውኃውን ያቀዘቅዘዋል፤ ምክንያቱም በገላው ላይ ወዝቶ የሚተነው ውኃ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ነገር ግን ክዳን ይኑረው፤ ውኃውም እጀታ ባለው መቅጃ ይቀዳ እንጂ እጅ አይግባበት። እንጀራም በሰፌድ ላይ በርዶ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ በመሶብ ቢቀመጥ ከፌስታሉ ይልቅ ሳይሻግት ይቆያል። ወጥ ከውጭ ለማምጣት ክዳን ያለው ሳህን ይዞ መሄድ ነው።

4ኛ/ ያለውን ደጋግሞ መጠቀም። ያልቆሸሸ ፌስታል ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታጥፎ ይቀመጥ። ጀሪካን ግን ሲያዙት ብልኃት ይፈልጋል። አፉ ጠባብ ስለ ሆነ እጅ አይገባም፤ ውስጡም አረንጓዴ ያበቅላል። ንጹሕ ጠጠር፣ ጥቂት ውኃና ሳሙና ጨምሮ በኃይል መናጥ፣ ከዚያም ደጋግሞ ማለቅለቅ ያጠራዋል። ለውኃው ማከሚያ ውኃ አጋር የሚጠቀም ሰው በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠንና ጊዜ ይጠብቅ። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ግን መቶ ጊዜ ቢታጠብ ለውኃም ለምግብም አይሆንም።

5ኛ/ መለየት። ሁለት ማስቀመጫ ይበቃል። በአንዱ ልጣጭና ትራፊ፣ በሌላው ደረቁ ቆሻሻ ይግባ። ልጣጩ በጓሮ ጉድጓድ አፈር ለብሶ ማዳበሪያ ይሆናል። ሃይላንድና የተሰበረ የፕላስቲክ ዕቃ ለቆራሌው ወይም ለልዋጩ ይሰጥ፤ ለእርሱ እንጀራ ነው፤ ለፋብሪካውም ጥሬ ዕቃ ነው። የቀረው ደረቅ ቆሻሻ ዝናብ ሳይመታው በቀኑ ለሰብሳቢዎቹ ማኅበር ይሰጥ። ለእነርሱ እጅ በማሰብ ስባሪ ጠርሙስና ምላጭ ለብቻው በወረቀት ይጠቅለል።

6ኛ/ ፈጽሞ አለማቃጠል። ከሰል ለማያያዝ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ጭራሮና ልጥ ይበቃሉ። ማንደጃው ከደጅ ይያያዝ፤ ፍሙ ነጭ አመድ ሲለብስ ይግባ፤ ያን ጊዜም በርና መስኮቱ ክፍት ይሁን። ሸክላ የምትተኩሱ እናቶችም በእሳቱ ላይ ላስቲክና አሮጌ ጎማ አትጨምሩ። ከሰው ሁሉ አስቀድማችሁ ያንን ጢስ የምትስቡት እናንተ ናችሁ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ለእሳቱም መጀመሪያ ቅጠል ይሁንለት።

ሕጉስ ምን ይላል?

በአገራችን በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ የማይበሰብሱ ፌስታሎችን ለማምረትም ሆነ ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ይሁንና ስሱ ፌስታል ከገበያ አልጠፋም። ስለዚህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውን ፌስታል የሚከለክልና በሚተላለፉት ላይ ቅጣት የሚጥል ጠንካራ አዋጅ አጽድቋል። ጎረቤታችን ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2017፣ ሩዋንዳም እ.ኤ.አ. በ2008 ከልክለዋል። ነገር ግን ሕግ ገበያውን ሊጠብቅ ይችላል እንጂ ማንደጃችንን አይጠብቅልንም። በጓዳ ውስጥ ፌስታል ሲለኮስ የሚያይ ዳኛ የለም፤ የሚያየው ያው በጀርባ ያለው ሕፃን ነው።

በመጨረሻም ይህን ጽሑፍ ያነበበ ላላነበበው ያሰማ፤ ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶችም ልጆች ያንብቡላቸው። በእድርና በቡና ጊዜ እንድትነጋገሩበት የሚከተሉት ጥያቄዎች ቀርበዋል።

ጥያቄዎች

1. የሽንኩርት ልጣጭና ፌስታል በጓሮ ቢጣሉ ከዓመት በኋላ ምን ምን ይሆናሉ?
2. በፌስታል ጢስ ከእናትዮዋ ይልቅ ሕፃኑ የሚጎዳው ስለ ምንድር ነው?
3. ትኩስ እንጀራ በፌስታል ሲቀመጥ ቶሎ የሚሻግተው ለምንድር ነው?
4. ሕፃን በረኪና ቢጠጣ ምን ማድረግ ይገባል? ምንስ ማድረግ አይገባም?
5. ባለፈው ሳምንት ወደ ቤታችሁ ስንት ፌስታል ገባ? በሚመጣው ሳምንት ከዚያ ውስጥ ስንቱን ልታስቀሩ ትችላላችሁ?